በርነሩ ሲነሳ «ዱም» ይላል፤ ማስተካከል ልጀምር ወይስ ላቁመው?

ጀማሪ ቴክኒሻን

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ዝም ብዬ ነበር የማነበው፤ ዛሬ ግን መጠየቅ ግድ ሆነብኝ።

በሰዓት 2 ቶን እንፋሎት የሚሰጥ ቦይለር ላይ ነው የምሠራው። የጭስ ቱቦ ዓይነት ነው። በርነሩ (እሳት የሚሰጠው ክፍል) በተፈጥሮ ጋዝም በናፍጣም ይሠራል፤ አሁን በጋዝ ላይ ነን። ፋኑ ይነሳል፣ ምድጃውን ያጠራል፣ ፓይለቱ (ዋናውን የሚለኩሰው ትንሽ እሳት) ይለኮሳል። ከዚያ ዋናው ጋዝ ሲከፈት አንዳንዴ «ዱም» ይላል። የፊት ሳህኑ ይንቀጠቀጣል። አምስት ጊዜ ሲነሳ አንዴ ያህል ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አይይዝም፣ ሎክአውት ይሆናል። ያኔ ተረኛው ኦፕሬተር እስኪነሳ ድረስ ሪሴቱን (ዳግም ማስነሻ ቁልፉን) ይጫነዋል። አምስትም ስድስትም ጊዜ ሲጫን አይቻለሁ።

በቅርቡ የጭስ አናላይዘር ተገዝቶልናል። ለካሁበት። በከፍተኛ እሳት ኦክስጅኑ 7 በመቶ ነው። በዝቅተኛው እሳት 9 በመቶ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ 280 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 280 እጅ)። የጭሱ ሙቀት በከፍተኛው 236 ዲግሪ ነው። አለቃዬ «ጋዙ ደካማ ስለሆነ ነው የሚዘገየው፣ ጨምርለት» ይለኛል። እኔ ግን እጄ አልደፈረም። ከየት ልጀምር?

የቦይለር ቤት ሰው

ወንድሜ፣ እጅህ አለመድፈሩ ደግ ነው። አናላይዘሩን ለጊዜው ወደ ሳጥኑ መልሰው። የማይነሳ በርነር አይስተካከልም። መጀመሪያ አነሳሱ ይዳን፣ ማስተካከሉ ይደርሳል።

የሪሴቱን ነገር ዛሬውኑ አስቁም። ሎክአውት ማለት መቆጣጠሪያው «እሳት አላየሁም፣ ጋዙን ዘግቻለሁ» ማለቱ ነው። እያንዳንዱ ሙከራ የተወሰነ ያልተቃጠለ ጋዝ ምድጃ ውስጥ ይጥላል። እርግጥ ከሚቀጥለው ሙከራ በፊት ፐርጁ (ምድጃውን በአየር ማጥራቱ) ያወጣዋል። ግን ፐርጁ በትክክል መሥራቱን ማን አረጋገጠ? ዳምፐሩ (የአየር መግቢያው ክዳን) ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ ወይም ጊዜው ካጠረ ቀሪው ጋዝ እዚያው ይጠብቃል። እኛ ጋ ደንባችን አንድ ሪሴት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ከዘጋ የእጅ ቫልቩ ይዘጋል፣ ቴክኒሻን ይጠራል።

ስለ «ዱም» አንድ ስሌት ልስጥህ። 2 ቶን እንፋሎት የሚሰጥ ቦይለር በሙሉ ጭነት በሰዓት 150 ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ ይበላል። ሲለኮስ ሩቡን ይሰጣል እንበል፤ በሰከንድ 10 ሊትር ያህል ነው። ሦስት ሰከንድ ከዘገየ 30 ሊትር ጋዝ ገብቷል። አንድ ሊትር የተፈጥሮ ጋዝ በደንብ ለመቃጠል ወደ 10 ሊትር አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ምድጃህ ውስጥ ከ300 ሊትር በላይ ለመፈንዳት የተዘጋጀ ድብልቅ አለ። አለቃህ «ጋዙን ጨምር» ሲሉህ ይህን 300 ወደ 500 አድርገው ማለታቸው ነው። ሳያውቁት ነው፣ ግን ትርጉሙ ያው ነው።

አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። የሚዘገየው ፓይለቱ ነው ወይስ ዋናው? «ዱም» ከማለቱ በፊት ፓይለቱን በዓይንህ አይተኸዋል?

ጀማሪ ቴክኒሻን

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። በመመልከቻው መስታወት አይቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር መስታወቱ ቆሽሿል። ሰማያዊ ብልጭ የሚል ነገር አያለሁ፤ ፓይለት ይሁን ስፓርክ (የመለኮሻው ኤሌክትሪክ ብልጭታ) አልለየሁትም። መቆጣጠሪያው ላይ ግን የነበልባል መብራቱ ይበራል፤ ከዚያ ነው ዋናው ቫልቭ የሚከፈተው። ስለዚህ ፓይለቱ ተለኩሷል ብዬ ነው ያሰብኩት።

ሰማያዊ እሳት

ኤሌክትሮዱን (ስፓርኩን የሚሰጠውን ዘንግ) ቀይረው። እኔ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር ሁሌም ኤሌክትሮድ ነው።

የሽቦው ልጅ

ኤሌክትሮዱን ከመቀየር በፊት አንድ ጥያቄ። የነበልባል ዓይኑ (እሳት መኖሩን ለመቆጣጠሪያው የሚነግረው መሣሪያ) ምን ዓይነት ነው? የዩቪ ከሆነ ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችላል።

የዩቪ ዓይን የሚያየው አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ስፓርክም አልትራቫዮሌት ይረጫል። ዓይኑ ስፓርኩን በቀጥታ ወይም ከምድጃው ብረት ላይ ተንጸባርቆ ካየው መቆጣጠሪያው «ፓይለት አለ» ብሎ ያምናል። ፓይለት ሳይኖር ዋናውን ጋዝ ይከፍታል! ስፓርኩ አሁንም እየሠራ ከሆነ ዋናው ጋዝ ዘግይቶ በስፓርኩ ይያዛል። ያ ነው «ዱም» የሚለው። ካልያዘ ደግሞ ስፓርኩ ሲጠፋ ምልክቱም ይጠፋል፣ ሎክአውት ይሆናል። አንተ የጻፍካቸው ሁለቱም ምልክቶች እዚህ ውስጥ አሉ።

ምርመራው ቀላል ነው። የዋናውን ጋዝ የእጅ ቫልቭ ዝጋ። የፓይለቱንም የእጅ ቫልቭ ዝጋ። ሁለቱም መዘጋታቸውን ሌላ ሰው ያረጋግጥልህ። ከዚያ በርነሩን አስነሳው። የጋዝ ግፊት ማብሪያው አላስነሳም ካለህ ዋናውን ከማብሪያው በታች ባለው ቫልቭ ዝጋ። ፐርጁ ያልፋል፣ ስፓርኩ ይጀምራል። ያኔ የነበልባል መብራቱን ተመልከት። ምንም እሳት የለም። ከበራ ዓይንህ እየዋሸህ ነው።

የቦይለር ቤት ሰው

ትክክል ነው፤ እኔም ወደዚያው እየሄድኩ ነበር። ይህን ያለ ጋዝ ሙከራ አዲስ በርነር ሲተከልም፣ ዓመታዊ ጥገና ሲያልቅም ሁሌ አደርገዋለሁ። ጋዝ ሳይኖር ሥርዓቱ ሙሉ ጉዞውን ይሄዳል፤ ፋን፣ የአየር ግፊት ማብሪያ፣ ዳምፐር ወደ ሙሉ ክፍት፣ ፐርጅ፣ ዳምፐር ወደ መለኮሻ ቦታ፣ ስፓርክ፣ የፓይለት ቫልቭ። ከዚያ እሳት ስለሌለ መዝጋት አለበት። በስንት ሰከንድ እንደዘጋ በሰዓት ያዝ። የጋዝ በርነር ላይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሰከንድ ነው፤ ያንተን መመሪያው ይነግርሃል። ካልዘጋ ሥራው እዚያው ይቆማል።

ፐርጁንም በዚያው ለካ። ለጭስ ቱቦ ቦይለር በሰፊው የሚሠራበት ልክ ምድጃውንና የጭሱን መንገድ ቢያንስ 4 ጊዜ የሚሞላ አየር ነው። የውሃ ቱቦ ከሆነ 8 ጊዜ። ሰዓት ቆጣሪው 30 ሰከንድ ቢልም ዳምፐሩ በግማሽ ከቆመ 30ው ሰከንድ ዋጋ የለውም። ወደ ዳምፐሩ ሂድና በዓይንህ እየው፤ ፓነሉ ላይ ያለውን መብራት አትመን።

ናፍጣና ውሃ

እኔ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። አናላይዘርም ዩቪም ሳይኖር እሳቱን በዓይን አይተን ነበር የምናስተካክለው። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ነገሩን አታወሳስቡት።

መለኪያ ያዥ

ናፍጣና ውሃ፣ ልምድህን አከብራለሁ። ዓይን ብዙ ነገር ያያል። እሳቱ ግድግዳ ሲነካ ያያል፣ ሲንቀጠቀጥ ያያል፣ ሲጨስ ያያል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አያይም። 20 ፒፒኤም ላይ ያለ የጋዝ እሳትና 900 ፒፒኤም ላይ ያለ የጋዝ እሳት አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጡ በዓይን የሚለያቸው ሰው አላገኘሁም። እኔ ራሴ ተሳስቼበታለሁ። በጣም የሚያምር፣ የተረጋጋ ሰማያዊ እሳት ነበር። መለኪያው ሲገባ ከ1000 በላይ አሳየ። ጭሱም በተሰነጠቀ ጋስኬት ወደ ቦይለር ቤቱ እየገባ ነበር። ሁለቱ ኦፕሬተሮች ለሳምንታት ራስ ምታት ሲሉ ነበር የከረሙት።

ናፍጣና ውሃ

እሺ፣ ገባኝ። ራስ ምታቷን እኔም አውቃታለሁ። ያን ጊዜ ከሙቀቱ ነው እንል ነበር።

ጀማሪ ቴክኒሻን

ሙከራውን ዛሬ ጠዋት አደረግነው። ሁለቱም የእጅ ቫልቮች ተዘግተው፣ ጓደኛዬ አጠገቤ ቆሞ። ስፓርኩ እንደጀመረ የነበልባል መብራቱ በራ!! ምንም ጋዝ የለም። መቆጣጠሪያው ቀጥሎ ዋናውን ቫልቭ ከፈተ። ከዚያ ስፓርኩ ሲቆም ዘጋ። ሦስት ጊዜ ደገምን፤ ሁለቱን ጊዜ እንዲሁ ሆነ።

እጄ ቀዝቅዞ ነው የምጽፈው። ይህ ነገር ስንት ወር እንዲህ እንደሠራ አላውቅም። በርነሩን አቁመነዋል። የእጅ ቫልቮቹ ላይ ቁልፍ አድርገናል። አለቃዬም መጥቶ በዓይኑ አይቷል።

የሽቦው ልጅ

ጥሩ አደረጋችሁ። አሁን የፓይለቱን ስብስብ አውጡት። የምትመረምሩት ይህን ነው፦ የኤሌክትሮዱ ነጭ ሸክላ ተሰንጥቆ ስፓርኩ ከጫፉ ሳይሆን ከወገቡ ይዘላል? የዓይኑ ቱቦ ወደ ፓይለቱ ነው ወይስ ወደ ኤሌክትሮዱ የሚያየው? የፓይለቱ ኖዝልስ ክፍት ነው? ስፓርኩ ቦታውን ከሳተ ዓይኑ ያየዋል፤ ፓይለቱ ግን አይለኮስም። ሁለቱ ችግሮች አብረው ነው የሚመጡት።

ሌላም ነገር። የዩቪ ቱቦ ሲያረጅ እሳት ሳይኖርም «አለ» እያለ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ያለማቋረጥ ከ24 ሰዓት በላይ የሚሠራ በርነር ራሱን የሚፈትሽ ዓይን ይፈልጋል። በየጊዜው በክዳን እየጋረደ ምልክቱ መጥፋቱን የሚያይ ማለቴ ነው። የእናንተ ተራ ዓይን ከሆነ በቀን ቢያንስ አንዴ ቆሞ መነሳት አለበት፤ መቆጣጠሪያው ዓይኑን የሚፈትሸው ሲነሳ ነውና።

ሰማያዊ እሳት

እኔ ኤሌክትሮድ ብዬ ነበር፣ ግን ምክንያቱን አላወቅሁትም ነበር። ኤሌክትሮድ ብቻ ቀይሮ ዓይኑን ሳያዩ መሄድ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ነገ እኔም ሙከራውን አደርጋለሁ።

ጀማሪ ቴክኒሻን

ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ።

ሸክላው ተሰንጥቋል። የፓይለቱ ኖዝል በግማሽ ተደፍኗል። የዓይኑ ቱቦ ደግሞ ልቅ ሆኖ ወደ ኤሌክትሮዱ አዘንብሏል። ሦስቱም! ኤሌክትሮዱ ተቀየረ፣ ክፍተቱ በመመሪያው ልክ ሆነ። ኖዝሉ ጸዳ፣ ቱቦው ወደ ፓይለቱ ጫፍ ተስተካክሎ ታሰረ። የዩቪ ቱቦውም በአዲስ ተተካ። ያለ ጋዝ ሙከራውን አሥር ጊዜ ደገምነው። አሥሩንም ጊዜ መብራቱ አልበራም፤ በሰዓቱ ዘጋ።

ሁለቱን ዋና ቫልቮችም በዚያው ፈተሽን። በመካከላቸው ካለው መፈተሻ ላይ ቀጭን ቱቦ አውጥተን ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነከርን። አንደኛው ትንሽ አረፋ አወጣ። ተቀየረ።

አሁን ጋዝ ልስጠው? ጋሼ፣ እርስዎ የሚጨምሩልኝ ነገር ካለ።

የቦይለር ቤት ሰው

አለ። በመጀመሪያ ፓይለቱን ብቻውን አስነሳው፣ ዋናው በእጅ ቫልቭ እንደተዘጋ። ይቁም፣ ይረጋ። መስታወቱን አጽድተህ በዓይንህ እየው። ከዚያ የፓይለቱን ጋዝ ቀስ እያልክ ቀንስ፤ ዓይኑ ገና የሚያየው ትንሹ ፓይለት ላይ ድረስ። ያ ትንሹ ፓይለት ዋናውን ያለ ድምፅ መለኮስ መቻል አለበት። ካልቻለ የዓይኑ አቅጣጫ አሁንም ልክ አይደለም፤ ዋናውን ሊለኩስ የማይችል ፓይለት እያየ «ደህና ነው» ይላል ማለት ነው። ሲያልቅ ግፊቱን ወደ ቦታው መልስ።

ዋናውን መጀመሪያ ስትለኩስ ማንም ሰው በርነሩ ፊትና የፍንዳታ መከላከያ በሩ አቅጣጫ አይቁም። አንተም በጎን ቁም። የውሃ መጠን መቆጣጠሪያዎቹን ከዚያ በፊት ውሃ እያወረድክ ፈትሽ። በርነር አስተካካይ ውሃ ረስቶ ቦይለር ያቃጠለበትን ቀን አይቻለሁ።

የጋዝ ቧንቧውን ከፍታችሁ ስለነበር አየር ገብቶበታል። ያንን አየር ወደ ምድጃው አታስወጡት። ወደ ቤቱ ውስጥም አይሆንም። በማስተንፈሻ ቱቦ ወደ ውጭ፣ ከእሳትና ከስፓርክ ርቆ ነው የሚወጣው።

አንድ የተጻፈ ታሪክ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አደጋ የሚመጣው ሲነሳ ብቻ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1999 በአሜሪካ ዲርቦርን፣ በፎርድ ሩዥ ፋብሪካ የኃይል ማመንጫ ውስጥ አንድ ቦይለር ለጥገና እየቆመ ነበር። እሳቱ ጠፍቷል፣ ጋዝ ግን ወደ ምድጃው ገባ። ፈነዳ። 6 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ስታቆምም ስታስነሳም ቫልቩን የምትፈትሽበት ዓይን አንድ ይሁን።

ጀማሪ ቴክኒሻን

ለኮስን። ድምፅ የለም። «ፍ» ብሎ ብቻ ያዘ። በአነስተኛው ፓይለትም እንዲሁ። ዛሬ ብቻ 20 ጊዜ አስነሳን። አንድም «ዱም» የለም። ኦፕሬተራችን መጀመሪያ ላይ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር የሚያየው፤ አሁን ገባ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። 7 በመቶ ኦክስጅንና 280 ፒፒኤም እንዴት ላውርድ?

መለኪያ ያዥ

አሁን የኔ ተራ ነው፤ ይህን ነገር እወደዋለሁ።

መጀመሪያ ለእንፋሎቱ መሄጃ አዘጋጅ። በከፍተኛ እሳት ስታስተካክል ቦይለሩ በአሥር ደቂቃ ግፊቱን ሞልቶ በርነሩን ያጠፋዋል፤ አንተም መሃል ላይ ትቀራለህ። ጭነት ያለበትን ሰዓት ምረጥ። አናላይዘሩን ንጹሕ አየር ላይ ዜሮ አድርግ። መመርመሪያው ከቦይለሩ መውጫ ቅርብ ይግባ፤ ከሩቅ የጭስ ማውጫ ላይ የምታገኘው ኦክስጅን በቀዳዳዎች በገባ አየር የተበረዘ ሊሆን ይችላል።

አንድ ሕግ ያዝ። ወደ ላይ ስትወጣ አየር ይቅደም፣ ጋዝ ይከተል። ወደ ታች ስትወርድ ጋዝ ይቅደም፣ አየር ይከተል። ይህን ከሳትክ ጥቂት ሰከንድም ቢሆን በአየር እጥረት ውስጥ ነህ።

ከዝቅተኛው እሳት ጀምር። በየነጥቡ ወደ ላይ ውጣ፤ በመጀመሪያው ጉዞ ኦክስጅኑን 6 በመቶ አካባቢ ተወው፣ አትጨነቅበት። ከፍተኛው ላይ ስትደርስ ጋዙን በቆጣሪ ለካ። ሰዓት ያዝ፣ በ2 ደቂቃ ስንት ሜትር ኩብ እንደሄደ እይ፣ በ30 አባዛ። ከዚያ የግድ ማረም አለብህ። የቆጣሪው ሜትር ኩብ እንደ ግፊቱና እንደ ሙቀቱ ነው። የአካባቢውን የአየር ግፊት ከጋዙ ግፊት ጋር ደምር፣ ለ1013 አካፍል። ከዚያ በ273 አባዝተህ፣ 273 ላይ የጋዙን ሙቀት ደምረህ ላገኘኸው አካፍል።

በምሳሌ ልየው። ቆጣሪው በሰዓት 150 አለ። የጋዙ ግፊት 100 ሚሊባር፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ። ከባሕር ጠለል አጠገብ ከሆንክ የአየሩ ግፊት 1013 ነው፤ እውነተኛው 154 ገደማ ይሆናል። 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆንክ ግን የአየሩ ግፊት 795 አካባቢ ነው። ያው 150 አሁን 123 ነው። ሠላሳ ሜትር ኩብ ልዩነት! «ቦይለሩ እንፋሎት አልሰጥ አለ» እየተባለ ለወራት የሚፈለግ ጥፋት አንዳንዴ ይኸው ነው። አየሩም እንዲሁ ይሳሳል፤ በዚያ ከፍታ ፋኑ ያንኑ ያህል አየር ቢገፋም ኦክስጅኑ ወደ 20 በመቶ ያንሳል። ከፋብሪካ የመጣ የአየርና የጋዝ ሰንጠረዥ እንዳለ አይሠራም።

የጋዙ ልክ ከተገኘ በኋላ አየሩን ቀንስ፣ ቀስ ብለህ። በየነጥቡ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ፤ አናላይዘር ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ መነሳት የሚጀምርበትን ቦታ ፈልግ። 1.5 ወይም 2 በመቶ ኦክስጅን ላይ ሊሆን ይችላል። እዚያ አትቁም! ወደ 3 ወይም 3.5 ተመለስ። ምክንያቱ የአየሩ ሙቀት ነው። በ10 ዲግሪ ያስተካከልከው በርነር ቤቱ 35 ዲግሪ ሲሆን 8 በመቶ ያህል አየር ያጣል። 3 በመቶ የነበረው ኦክስጅን ወደ 1.5 ይወርዳል። ልክ ገደሉ ጫፍ ላይ ነህ። ጠዋት በብርድ የምታስተካክል ከሆነ ትንሽ ለጋስ ሁን።

ሰማያዊ እሳት

ዝቅተኛው እሳት ላይ 9 በመቶ ኦክስጅን እያለ 280 ፒፒኤም እንዴት ይወጣል? አየሩ ተርፎ የለም?

መለኪያ ያዥ

ጥሩ ጥያቄ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሁለት በር አለው። አንዱ የአየር እጥረት ነው። ሌላው እሳቱ ሳይጨርስ መቀዝቀዙ ነው። አየሩ ከበዛ እሳቱን ይነፋዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፣ ከጭንቅላቱ ያርቀዋል። እሳቱ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካም እንዲሁ። ስለዚህ ኦክስጅን ከፍ ብሎ ካርቦን ሞኖክሳይድም ከፍ ካለ አየር መጨመር ያባብሰዋል። አየር ቀንስ፤ ካልወረደ የማደባለቂያ ዲስኩን አቀማመጥ እይ። ዝቅተኛው ላይ 5 ወይም 6 በመቶ ለብዙ በርነር ጥሩ ቦታ ነው። እዚያ ላይ እንደ ከፍተኛው 3 በመቶ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አትበል።

የቦይለር ቤት ሰው

የአየር ግፊት ማብሪያውን እንዳትረሳ። አየሩን ስለቀየርክ እሱም በአዲሱ ልክ ይሁን። ዝቅተኛው እሳት ላይ ሆነህ ማስተካከያውን ቀስ ብለህ አዙር፣ በርነሩን እስኪያጠፋው። ማብሪያውን በዚያ ቁጥር 80 በመቶ ላይ አስቀምጠው። ዜሮ ላይ ተዘግቶ የተተወ ማብሪያ ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ፤ ፋኑ ቆሞም «አየር አለ» ይላል።

በሽቦ የተገናኘ ማብሪያ ካገኘህ ደግሞ ማን እንዳደረገው አትጠይቅ። ሽቦውን አውጣ፣ በርነሩ ካልነሳ አይነሳ። ማብሪያው ለምን እንደሚዘጋ ፈልገህ አግኝ።

ናፍጣና ውሃ

በናፍጣ ስትቀይሩስ? እኔ የማውቀው እሱን ስለሆነ ላግዝ። የፓምፑን ግፊት በጌጅ እዩ። ኖዝሉ ላይ የተጻፈው ጋሎን በ7 ባር የተለካ ነው። በ14 ባር ሲሠራ እጥፍ አይሰጥም፤ 41 በመቶ ብቻ ነው የሚጨምረው። ብዙ ልጆች እዚህ ይሳሳታሉ፤ ግፊቱን በእጥፍ አንስተው ትልቅ እሳት ይጠብቃሉ። ብዙ ናፍጣ ከፈለጋችሁ ኖዝሉ ነው የሚቀየረው። ግፊቱ የሚጠቅመው በደንብ እንዲበትን ነው።

በመምጠጫው በኩል ያለው የግፊት ጉድለት (ቫኪዩም) ከ0.4 ባር አይብለጥ። ከበለጠ ናፍጣው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፣ ፓምፑ ጠጠር እንደሚፈጭ ይጮኻል። ፊልተር ወይም የተዘጋ ቫልቭ ፈልጉ።

ጥቁር ጭስ አየር ጎደለ ወይም ኖዝሉ አልበተነም ነው። ነጭ ጭስ ሳይቃጠል የሚወጣ ናፍጣ ነው፤ አየር በዝቷል ወይም ምድጃው ቀዝቅዟል። ነጩን እፈራዋለሁ። በተለይ ብዙ ጊዜ ተሞክሮ ካልነሳ። ናፍጣ እንደ ጋዝ በፐርጅ አይወጣም፤ ወለሉ ላይ ተኝቶ ጡቡ ውስጥ ይሰርጋል። በኋላ እሳት ሲያገኝ አንድ ላይ ይተናል። ክፈቱ፣ ጥረጉ፣ አድርቁ።

መለኪያ ያዥ

ይህን ነው ከአንተ የጠበቅኩት፤ እኔ ይህን ያህል አላውቀውም። ለናፍጣ ከአናላይዘሩ በፊት የጥላሸት ወረቀት ሙከራውን ያድርግ። ከ0 እስከ 9 ባለው መለኪያ 0 ወይም 1 መሆን አለበት። ጥላሸት እያለ መመርመሪያውን ካስገባ ፊልተሩን ይደፍነዋል።

ጀማሪ ቴክኒሻን

ሁለት ቀን ፈጀ፤ ግን ጨረስን።

በጋዝ፦ ዝቅተኛው 5.6 በመቶ ኦክስጅን፣ 24 ፒፒኤም። መካከለኛው 4.2፣ 15 ፒፒኤም። ከፍተኛው 3.5፣ 18 ፒፒኤም። የጭሱ ሙቀት ከ236 ወደ 225 ወረደ። የአየር ማብሪያው እንደተባለው ዜሮ ላይ ነበር! አሁን በልኩ ነው። የዳምፐሩ ክንድም ልቅ ሆኖ ተገኘ፤ በሄደ ቁጥር ሌላ ቦታ ነበር የሚመለሰው። ያን ሳላጠብቅ ማስተካከል ጀምሬ ግማሽ ቀን አጣሁ። ለሚቀጥለው ሰው፦ መጀመሪያ ክንዱን ነቅንቁት።

አለቃዬ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚተርፍ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?

መለኪያ ያዥ

በጭሱና በቤቱ አየር መካከል 200 ዲግሪ ልዩነት ካለ 7 በመቶ ኦክስጅን ላይ በጭስ የሚወጣው ሙቀት 11.2 በመቶ ያህል ነው። 3.5 ላይ 9.3። ጭሱ ራሱ በ11 ዲግሪ ስለቀዘቀዘ ትንሽ ይጨመርበታል። በከፍተኛ እሳት ከ2 በመቶ ትንሽ በላይ በለው። ከዚያ በላይ ቃል አትግባ።

ጀማሪ ቴክኒሻን

እንደዚያው ነገርኩት። ደስ ብሎታል። እሱ ራሱ በሪሴቱ ላይ ወረቀት ለጥፏል፦ «አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ቫልቩን ዝጋና ደውል።»

ቁጥሮቹን በሙሉ በየነጥቡ ጽፌ ፓነሉ በር ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ የዳምፐር ዲግሪ፣ የጋዝ ግፊት፣ ኦክስጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የጭስ ሙቀት፣ የቤቱ ሙቀት፣ የዓይኑ ምልክት። የዩቪ ቱቦው የተቀየረበትን ቀንም። የናፍጣው ኖዝል ሲደርስ በናፍጣ አስነስተን እመለሳለሁ።

የቦይለር ቤት ሰው

የቤቱን ሙቀት መጻፍህን ወደድኩት። ናፍጣውን ስታስነሳ ያለ ነዳጅ ሙከራውን እንደገና ከመጀመሪያው አድርግ፤ የናፍጣ ዓይኑ ሌላ ከሆነ እሱም የራሱ ፈተና አለው። ጌጁን ፓምፑ ላይ ከማሰርህ በፊት ፎቶ ላክልን።